ለዛ ያለው የፖለቲካ ዓምደኛ በጅማ ንግግር ሊያቀርብልን ፈቅዷል፤ እንዴት እንቀበለው?

ጥያቄ ፦ የንባብ ማኅበሩ ጸሐፊ (ቆጪ፣ ጅማ)

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በከተማችን በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚገናኝ አነስተኛ የንባብ ማኅበር አለን። መምህራን፣ ነርሶች፣ ሁለት የቡና ነጋዴዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ጥቂት ጡረተኞች ያሉበት ሲሆን፣ በስብሰባው የሚገኘው ሰው ከሠላሳ በልጦ አያውቅም። ባለፈው ወር አንድ የታወቀ የፖለቲካ ዓምደኛ፣ ብዙዎቻችን ጽሑፎቹን ለዓመታት ከጋዜጣ እየቆረጥን ያስቀመጥንለት ሰው፣ በክልልና በአገር አቀፍ ፖለቲካ ላይ በየከተማው እየተዘዋወረ ንግግር እንደሚያቀርብና ወደ ጅማም መምጣት እንደሚሻ በአንድ አባላችን በኩል ገልጾልናል። ለንግግሩ ክፍያ አይጠይቅም፤ የመጓጓዣውንና የማደሪያውን ወጪ ከሸፈንንለት ይበቃዋል። ሁለት ርእሶችም አቅርቦልናል። አንደኛው በፌዴራል መንግሥቱና በክልሎች መካከል ያለውን የሥልጣን ክፍፍል የሚመለከት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ አዳዲስ ክልሎች የተመሠረቱበትን ሂደት ይመለከታል።

የዚህን ሰው ጽሑፍ ለማያውቁ ችሎታው ምን እንደሆነ ልግለጽ። አንድን አዋጅ ወይም አንድን መግለጫ ወስዶ እንዳለ ያነብልናል፤ ከዚያም ከቃላቱ አንዱን መዝዞ እያገላበጠ ይጫወትበታል፤ እኛም ስቀን ሳንጨርስ አዋጁ በኑሯችን ላይ ምን እንደሚያስከትል ይገባናል። እኔ በግሌ ለክልሎች የሚሰጠው የበጀት ድጎማ ምን ማለት እንደሆነ የተረዳሁት ከእርሱ ዓምድ ነው። ስለዚህ እንዲመጣ የምፈልገው ከልቤ ነው።

ይሁን እንጂ ያሳሰቡኝ ነገሮች አሉ። ጽሑፉን የምናነበው እያንዳንዳችን በየቤታችን ሆነን ነው፤ ያልገባንን መልሰን እናነበዋለን፣ የከነከነንንም ዘለን እናልፋለን። በአዳራሽ ግን ቃሉ አንድ ጊዜ ተነግሮ ያልፋል፤ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ሲስቅ ወይም ፊቱ ሲጠቁርም እናያለን። ጅማ ደግሞ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ከፋው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ጉራጌውና ሌላውም አብሮ የሚኖርባት ከተማ በመሆኗ፣ አንዱን ያሳቀ ቃል ሌላውን ሊያስከፋ ይችላል። ከአባሎቻችን መካከል ሦስቱ «እስካሁን በመጽሐፍ ተስማምተን ኖረናል፤ ፖለቲካ ከገባ ማኅበሩ ይበተናል» የሚል ሥጋት አንሥተዋል፤ ሥጋታቸውንም አቃልዬ አላየውም። የቋንቋው ጉዳይም አለ። ሰውየው የሚናገረው በአማርኛ ብቻ ነው፤ ዜናው ከተሰማ ግን አማርኛን እንደ ልብ የማይሰሙ ሰዎችም እንደሚመጡ እናውቃለን።

ይህን የመሰለ ዝግጅት አዘጋጅታችሁ የምታውቁ ወይም ጉዳዩን ያሰባችሁበት ካላችሁ፣ ከሁለቱ ርእሶች የትኛውን ብንመርጥና ዝግጅቱን እንዴት ብናደርገው ይሻላል ትላላችሁ?

መልስ ፦ ጡረተኛ የሥነ ዜጋ መምህር

ሰውየውን ጋብዙት። የምመክራችሁ ግን ርእሶቹን እንዳሉ ከመቀበል ይልቅ ሁለቱን አንድ አድርጎ ከጅማ እንዲጀምር እንድትጠይቁት ነው።

ይህን የምልበትን ምክንያት ከራሴ ሥራ ተነሥቼ ላስረዳ። ሥነ ዜጋን በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 51 እና 52 በቃላቸው ይወጡልኝ ነበር፤ የፌዴራሉን ሥልጣን ይዘረዝራሉ፣ ለፌዴራል መንግሥቱ ተለይቶ ያልተሰጠው ሁሉ የክልሎች ነው የሚለውንም ሳይሳሳቱ ይጽፋሉ። «ፊታችሁ የቆምኩትን እኔን የቀጠረኝ ማን ነው? ደመወዜስ ከየት ተነሥቶ ነው እጄ የሚገባው?» ብዬ ስጠይቃቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። የቀጠረኝ ክልሉ በራሱ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ መሠረት ነው፤ ደመወዜ የሚከፈለኝ ከከተማው ወይም ከወረዳው በጀት ነው፤ ያ በጀት አብዛኛውን ጊዜ ከክልሉ ይወርዳል፤ የክልሉ ደግሞ ብዙው ከፌዴራል ድጎማ ይመጣል፤ የድጎማውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ይህ ሰንሰለት በገባቸው ዕለት ተማሪዎቼ ፖለቲካን በቴሌቪዥን የሚታይ የሌላ ሰው ጉዳይ አድርገው ማየታቸውን ያቆሙ ነበር። ዓምደኛችሁ በጨዋታው ሊያሳየን የሚችለው ታላቅ ነገር ይህ ነው፤ ማን ምን እንደሚወስን።

ከጅማ ይጀምር ያልኩትም ይህች ከተማ የክልልና የማዕከል ግንኙነት በመጽሐፍ ብቻ የሚነበብባት ስላልሆነች ነው። በ1870 ዓ.ም. የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ጦርነት ሳይገጥሙ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን እንደያዙ ቆይተዋል። ጎረቤቶቻቸው በጦርነት ሲያልቁ ጅማ ተርፋ ገበያዋ የደራው በዚህ ስምምነት ነበር። ያ ራስ ገዝነት ያበቃው በ1924 ዓ.ም. ነው። ጅረን ላይ ያለውን ቤተ መንግሥታቸውን ልጆቻችን ለጉብኝት ይሄዱበታል፤ ግብር ለማዕከል እየከፈሉ የራስን ጉዳይ በራስ ማስተዳደር ምን ዋጋ እንዳለውና ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ግን በዚያ ግቢ ቆሞ የሚነግራቸው ሰው እምብዛም አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ያለውንም አስቡ። ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ዘመንም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ የቦንጋ ሰው ጉዳዩን ለማስፈጸም የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ክልሎች ሲዋቀሩ ጅማ ወደ ኦሮሚያ፣ ከፋ ወደ ደቡብ ሄዱ። ከዚያም መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በከፋ፣ በሸካ፣ በቤንች ሸኮ፣ በዳውሮ፣ በምዕራብ ኦሞና በኮንታ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ የአስተዳደሩም መቀመጫ ቦንጋ ሆነች። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ የቀድሞው የደቡብ ክልል ፈጽሞ ተከፍሎ የም ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ጋር ሆነች። በእኔ ዕድሜ የአንዲት ከተማ ጎረቤቶች ሳይንቀሳቀሱ አድራሻቸው ይህን ያህል ጊዜ ተለውጧል። ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ 9 የነበሩት ክልሎች በሲዳማ 10፣ በደቡብ ምዕራብ 11፣ አሁን ደግሞ 12 ሆነዋል። አንቀጽ 47 ይህ እንዴት እንደሚፈጸም ይደነግጋል፤ ጥያቄው በብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደገፍ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት አለበት። ይህን ሂደት ከጎጀብ ማዶ ያሉ ዘመዶቻችንን እያነሣ ቢነግረን የትኛውም ሰው ይከታተለዋል።

አገር አቀፉን ፖለቲካ ደግሞ በቡና ያስረዳን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ውሳኔው የተላለፈው አዲስ አበባ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት ስለ ቡና ዋጋና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ በአንድ ቁና ያልተወያየ የአጋሮ ወይም የጎማ ገበሬ ያለ አይመስለኝም። አንድ ውሳኔ ለሚሸጠው ተስፋ፣ ለሚገዛው ሥጋት ሆኖ በአንድ ቤት ውስጥ ሲያድር ማሳየት የዓምደኛ ሙያ ነው።

መልስ ፦ አስተርጓሚ ከፈረንጅ አራዳ

የመምህሩን ሐሳብ በሙሉ እደግፋለሁ፤ እኔ የማክለው ስለ ቋንቋው ነው። እርሱ ግን ትንሽ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ።

አፌን የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛን በትምህርት ቤትና በገበያ ተምሬ ዛሬ በሁለቱም ቋንቋዎች ስብሰባ አስተረጉማለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አዳራሽ አንድ እንግዳ ተናጋሪ ሰምና ወርቅ ያለው ቃል ጣል አደረገ። የአዳራሹ ግማሽ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ቃሉን ስተረጉመው ሰሙ ብቻ ተሻገረ፤ ወርቁ በአማርኛው ውስጥ ቀረ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ወደ እኔ ዘወር ብለው «ምኑ ነው የሚያስቀው?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ ላስረዳቸው ስሞክርም ተናጋሪው ወደሚቀጥለው ነገር አልፎ ነበር። አዛውንቱ የጠየቁኝ ሁለተኛው ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «በእኛ ነው የሚስቁት?» አሉኝ። በእርሳቸው አልነበረም፤ ቀልዱ ስለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀጠሮ ነበር። ነገር ግን ሰው የማያውቀው ሳቅ በዙሪያው ሲነሣ በራሱ የተሳቀ ቢመስለው አይፈረድበትም። ከዕረፍት በኋላ ወንበራቸው ባዶ ነበር።

የአማርኛ ለዛ ብዙው በቃል ላይ የቆመ ነው። አለቃ ገብረ ሐና ይናገሯቸው እንደነበር የሚነገሩት ጨዋታዎች አንዱን ቃል ሲያጠብቁና ሲያላሉ ወይም ለሁለት ሲከፍሉ የሚፈጠሩ ናቸው፤ እነዚህን ወደ አፋን ኦሮሞ ልተርጉም ማለት ውኃን በወንፊት መቅዳት ነው። አፋን ኦሮሞም በመማክሳው (በምሳሌያዊ አነጋገሩ)፣ በሂቦው (በእንቆቅልሹ) እና በጌረርሳው (በፉከራ ግጥሙ) የራሱ የሆነ ጥልቅ ለዛ አለው፤ እርሱም እንዲሁ ወደ አማርኛ ሲሻገር ይደርቃል። ስለዚህ ጉድለቱ የማንኛውም ቋንቋ አይደለም። ጉዳዩ ጅማ ላይ የሚቆም ተናጋሪ አዳራሹ ውስጥ ግማሹ ሰው ሰሙን ብቻ ይዞ ሊቀር እንደሚችል አውቆ መናገር ያለበት መሆኑ ነው። ፖለቲካን ሲናገሩ ሐሳብን መሸሸግ ሳንሱር በነበረበት ዘመን ጥበብም መጠለያም ነበር፤ እዚህ ግን የተሸሸገው ነገር ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያል።

በሌላ በኩል በየትኛውም ቋንቋ የሚያስቅ ነገር አለ፤ እርሱም በሁኔታ ላይ የቆመው ነው። አንድ ሰው ለአንዲት ፊርማ ወረዳ ሄዶ «ይህ የዞን ነው» ይባላል፤ ዞን «የክልል ነው» ይለዋል፤ ክልሉ «የፌዴራል ነው» ይለዋል፤ አዲስ አበባ ደርሶ «ይህማ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ለክልላችሁ የተሰጠ ሥልጣን ነው» ተብሎ ይመለሳል። ይህን በአፋን ኦሮሞም፣ በከፊኛም፣ በየምኛም ብናገረው አዳራሹ ይስቃል፤ ምክንያቱም ሁሉም ያንን መንገድ ሄዶበታል። መምህሩ ያነሡትን የሥልጣን ክፍፍልም ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። እኔ ሰውየውን የምጠይቀው ለዛውን እንዲተው ሳይሆን ከቃል ላይ አንሥቶ በሁኔታ ላይ እንዲያኖረው ነው።

በሥራው በኩል ደግሞ ይህን አስቡበት። ንግግሩን አስቀድሞ በጽሑፍ ይላክልኝ፤ ቢያንስ ከአስተርጓሚው ጋር ተቀምጦ እያንዳንዱን ጨዋታ «ይህ የሚነካው ማንን ነው?» ብሎ ይለፍበት። ሥልጣን የያዘን ሰው ወይም አንድን ውሳኔ የሚነካ ከሆነ ይቆይ፤ የአንድን ሕዝብ አነጋገር፣ የአማርኛ ቅላጼ ወይም አመጋገብ የሚነካ ከሆነ፣ በፍቅር የተነገረ ቢሆን እንኳ፣ ይውጣ። እንዲሁም እየቆሙ የሚተረጎም ንግግር ጊዜውን እጥፍ እንደሚወስድ አትርሱ። የአንድ ሰዓት ንግግር ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ በሁለተኛው ሰዓት ላይ የሚስቅ ሰው አይኖርም። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይናገር፤ የቀረው ለጥያቄ ይሁን። ጥያቄም በሁለቱም ቋንቋዎች ይቅረብ፤ በአፋን ኦሮሞ የተጠየቀውን ደግሞ አስተርጓሚው አሳጥሮ ሳይሆን ሙሉውን ለተናጋሪው ያድርስ። ብዙ ጊዜ የምናጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ የእንግዳውን ንግግር ቃል በቃል እንተረጉምና የሕዝቡን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን።

መልስ ፦ ጠበቃ

ስለ ሕጉ በአጭሩ ልጻፍ። ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29፣ የመሰብሰብ መብት ደግሞ በአንቀጽ 30 ተደንግጓል። ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 3/1983 አዘጋጁ ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። አዋጁ የሚጠይቀው ማሳወቅን ሲሆን፣ አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው እንዲለወጥ ምክንያቱን ገልጾ ሊጠይቅ ይችላል። ሠላሳ ሰው በሚገናኝበት የንባብ ማኅበር ይህ ግዴታ አለ ወይስ የለም ብሎ ከመከራከር ይልቅ፣ በር ለሕዝብ ክፍት የምታደርጉ ከሆነ ደብዳቤውን አስቀድማችሁ አስገቡና የገባበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ በእጃችሁ ያዙ። የአዳራሹ ባለቤት ሐሳቡን ቢለውጥ ዝግጅቱ እንዳይስተጓጎልም የኪራይ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት።

አስተርጓሚው «የሚነካው ማንን ነው?» ያሉት መመዘኛ በሕጉም መሠረት አለው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚከለክለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሰዎችን ሆን ብሎ ለጥላቻ፣ ለመድልዎ ወይም ለጥቃት የሚያጋልጥ ንግግርን ነው፤ የፖለቲካ ትችትንና የሥነ ጥበብ ፈጠራን ደግሞ በልዩ ሁኔታ ከክልከላው አውጥቷቸዋል። መንግሥትንና ፖሊሲውን በለዛ መተቸት በዚህ ጥበቃ ሥር ነው።

መልስ ፦ የሕርማታ ነጋዴ

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ያልተነሣ ነገር ስላለ ልናገር።

እኔ የዚህን ዓምደኛ ጽሑፍ አነብ ነበር፤ ዛሬ ማንበቤን ትቻለሁ። ያቆምኩት ስለሰለቸኝ አይደለም። አንድን የተበላሸ አሠራር በጨዋታ ሲነግረኝ እስቃለሁ፤ ከሳቅኩ በኋላ ንዴቴ ይወጣልኛል፤ ንዴቴ ከወጣልኝ በኋላ ወረዳው በር ላይ ቆሜ «ይህ ለምን ሆነ?» ብዬ መጠየቄን እተዋለሁ። ሳቁ የጠያቂነቴን ጉልበት ሲወስድብኝ በራሴ ላይ አይቻለሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ስቆ ወደ ቤቱ ቢሄድ ያ ቀን ለማን እንደጠቀመ አስቡት።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ቤቴ ውስጥ ከወለጋ ተፈናቅላ ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት ወንድሙን ያጣ ጎረቤት አለኝ። እነዚህ ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ እንደሚቀመጡ ተናጋሪው ያውቃል? ስለ አገር አቀፍ ፖለቲካ እናገራለሁ የሚል ሰው ስለ እነዚህ ነገሮች ዝም ሊል አይችልም፤ ሊቀልድባቸውም አይችልም። ስለዚህ ብትጋብዙት፣ ስለ ሰላምና ስለ ሞት በሚናገርበት ክፍል ድምፁን ለውጦ፣ ያለ አንዳች ጨዋታ፣ በቀጥታ እንዲናገር ቃል ያስገቡት። ይህን ካደረገ እኔም እመጣለሁ፤ የአክስቴን ልጅም ይዣት እመጣለሁ።

መልስ ፦ ጡረተኛ የሥነ ዜጋ መምህር

የሕርማታው ወንድሜ ያነሡት ሁለተኛው ነጥብ መልስ የሚያስፈልገው አይደለም፤ እንዳለ ሊፈጸም የሚገባው ነው። እኔ በመጀመሪያው መልሴ ይህን ሳላነሣ ማለፌ ትክክል አልነበረም።

ስለ መጀመሪያው ግን በከፊል እለያለሁ። ሳቅ ንዴትን ያበርዳል ያሉት እውነት ነው፤ ንዴቱ ከበረደ በኋላ ምን ይቀራል የሚለው ግን ተናጋሪው ትቶልን በሚሄደው ነገር ይወሰናል። ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምድ የአንባቢን ጥያቄ በአጭርና በለዛ ሲመልሱ እኛ ወጣቶች ሆነን ከመልሱ በላይ የተማርነው መጠየቅን ነበር፤ ተራ ሰው የፈለገውን ጠይቆ ስሙ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ማየት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ጸሐፊው ዝግጅቱን ከጥያቄ ቢጀምሩት እመርጣለሁ። ሰው ሲገባ ወረቀት ይሰጠው፤ በከተማው አስተዳደር፣ በክልሉ ወይም በፌዴራል መንግሥቱ ላይ ያለውን አንድ ጥያቄ ይጻፍ፤ ዓምደኛውም ንግግሩን ሲጨርስ ጥያቄዎቹን እያነበበ «ይህ የሚጠየቀው እገሌ መሥሪያ ቤት ነው» እያለ ከሕዝቡ ጋር ይለያቸው። መጻፍ ለማይችል ሰው ተማሪዎቹ ይጻፉለት። እንዲህ ከሆነ ሰው ስቆ ቢወጣም ሰኞ ጠዋት የሚያንኳኳውን በር አውቆ ይወጣል።

ወንድሜ፣ የአክስትዎን ልጅ ይዘው ይምጡ። መቀመጫ ከፊት እይዝላችኋለሁ።

ጠያቂው ፦ የንባብ ማኅበሩ ጸሐፊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን አትሜ ባለፈው እሑድ ለማኅበሩ አባላት አነበብኩላቸው፤ ከዚያም ለዓምደኛው ስልክ ደውዬ አንድ በአንድ ነገርኩት።

ከጅማ እንዲጀምር የተጠየቀውን በደስታ ተቀብሏል። ከንግግሩ በፊት አንድ ቀን ቀድሞ መጥቶ ጅረንን ማየትና የቀድሞውን የከፋ ክፍለ ሀገር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችን ማነጋገር ይፈልጋል፤ መምህሩ ሊያገናኙት ቢችሉ ውለታ ይሆንልናል። ስለ ጦርነትና ስለ መፈናቀል በሚናገርበት ክፍል ያለ ጨዋታ እንደሚናገር ቃል ገብቷል። ይህን ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና የሕርማታውን ነጋዴ ቃል ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ።

ያልተስማማበት አንድ ነገር አለ። ንግግሩን ሙሉውን ጽፎ መላክ አይችልም፤ የሚናገረው ከአጭር ማስታወሻ እያየ በመሆኑ፣ ጽፎ ቢያነብ ለዛው እንደሚሞት ነግሮኛል። ይልቁንም በዋዜማው ምሽት ከአስተርጓሚው ጋር ተቀምጦ ሊላቸው ያሰባቸውን ጨዋታዎች ሁሉ ሊያሰማቸውና አስተርጓሚው «ይህ አይሻገርም» ያሉትን ሊያወጣ ፈቅዷል። ይህ የሚበቃ መሆኑን የሚወስኑት አስተርጓሚው ናቸው፤ በስልክ ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል። የሠላሳ አምስት ደቂቃውን ገደብና የጥያቄ ወረቀቱን ማኅበሩ አጽድቆታል፤ የማሳወቂያውን ደብዳቤም በጠበቃው ምክር መሠረት እያዘጋጀን ነው።

ሥጋት ከነበራቸው ሦስት አባሎቻችን ሁለቱ በሐሳቡ ተስማምተዋል። ሦስተኛው እንደማይመጣ ነግሮኛል፤ ምክንያቱን በእርጋታ አስረድቶኛል፣ እኔም አልተጫንኩትም። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ እንደ ወትሮው በመጽሐፍ እንገናኛለን።

አሁን የቀረን ነገር ቢኖር ጥያቄ የሚጽፉትን ተማሪዎች መምረጥ ነው። አፋን ኦሮሞንና አማርኛን እኩል የሚጽፉ አራት ወጣቶች ያስፈልጉናል፤ ከፊኛ ወይም የምኛ የሚሰማ አንድ ቢጨመር ደግሞ መልካም ነው። የምታውቁት ካለ ከሐሙስ ገበያ በፊት ብትልኩልኝ ለዝግጅት ጊዜ ይኖረናል።